«ምሳ ስንበላም አማርኛ አታውሩ ተባልን»

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ በሃውስኪፒንግ፣ በክፍል ጽዳት፣ እሠራለሁ። ከገባሁ ሰባት ዓመት አልፎኛል። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዛሬ ሰባት ወር ገደማ፣ ኤፕሪል ላይ፣ የሱፐርቫይዘር ቦታ ወጣና አመለከትኩ። ሱፐርቫይዘራችን ወልዳ ቤት በነበረች ጊዜ ለሁለት ወር ያህል ሥራዋን ሸፍኜ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማናጀሩ ግን «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ አክሰንትሽ (የአነጋገር ቅላፄሽ) ግን ከባድ ነው፣ እንግዶች አይረዱሽም» አለኝ። ቦታው የተሰጠው እኔው ላሠለጠንኳት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አማርኛ እንዳናወራ ተከለከልን። እንግዳ ፊት ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ብሬክ ሩም ውስጥ ምሳ ስንበላም ይቆጡናል። ስፓኒሽ የሚያወሩትን ማንም አይናገራቸውም። የምትቆጣን ደግሞ አበሻ ናት። «የራሳችሁ ሰው ናት፣ ምን አድልዎ አለ?» ይሉናል። ባለቤቴ «ዝም በይ፣ እንጀራሽን አትገፍትሪ» ይለኛል። ለመሆኑ መብት አለኝ? ብከስስ ስሜ ይወጣል? እንግሊዝኛዬም ለቢሮ ወረቀት አይሆንም። የ14 ዓመት ልጄን ይዤ ልሂድ?

ሐ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ መብት አለሽ። በዲሲ ሕግ ደግሞ ካሰብሽው በላይ አለሽ። ግን ጊዜው እየሮጠ ስለሆነ ከቀን ቆጠራው ልጀምር። ብዙ ወገኖቻችን ጥሩ ጉዳይ ይዘው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ለዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ የሚገባው በደሉ ከተፈጸመ ወይም ካወቅሽው አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው። ሰዉ ኢኢኦሲ ለሚለው፣ የሥራ ቦታ አድልዎን ለሚያየው የፌዴራል ኮሚሽን ደግሞ ዲሲ ውስጥ ለሚሠራ ሰው 300 ቀን ነው። ስለዚህ ለዲሲው አምስት ወር ግድም ቀርቶሻል፤ ለፌዴራሉ ግን ሦስት ወር እንኳ የለሽም። ማናጀሩ የነገረሽን ቀን በትክክል ፈልጊው። የሺፍት ፕሮግራምሽን እዪ፣ በዚያን ቀን ለባለቤትሽ ወይም ለጓደኛሽ የላክሽው ቴክስት ካለ ፈልጊ። «አማርኛ አታውሩ» የሚለው ትዕዛዝ እስከ ዛሬ ስላለ እሱ ብዙም አያስጨንቅም። የእድገቱ ነገር ግን የአንድ ቀን ውሳኔ ነው፤ ቀኑ ካለፈ አለፈ።

ኤችአር፣ የሆቴሉ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል፣ «ጉዳይሽን እያየነው ነው» ቢልሽ ደስ ይበልሽ፣ ግን ቆጠራው ቆመልኝ ብለሽ አትቀመጪ። ዩኒየንም (የሠራተኛ ማኅበር) ካላችሁ እንደዚያው ነው። ሥራ ቦታ ላለው የዩኒየን ተወካይ፣ ለስቱዋርድሽ፣ አሁኑኑ ንገሪ፤ በዩኒየን ውል የቅሬታ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በቀናት ነው የሚቆጠረው። የዩኒየኑ ቅሬታ ሲታይ ግን የዓመቱ ጊዜ አይጠብቅሽም። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስኪጂ።

ሲልቨር ስፕሪንግ መኖርሽ አያሳስብሽ። ዋናው ሥራው ያለበት ቦታ ነው። ሆቴሉ ዲሲ ስለሆነ የሚጠብቅሽ የዲሲ ሕግ ነው። ይህን የምለው ሜሪላንድ እየኖሩ ዲሲ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ሮክቪል ወዳለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቢሮ ሄደው ተመልሰው ስለሚመጡ ነው። በተቃራኒው ጓደኛሽ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የምትሠራ ከሆነ እሷ የምትሄደው ወደ ካውንቲው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ነው። አሌክሳንድሪያም የራሷ ቢሮ አላት።

የዲሲው ሕግ ከ1977 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከፌዴራሉ የሚለይበት ነገር ለእኛ ሰው ትልቅ ነው። የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚሠራው 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት ላይ ነው። የዲሲው አንድ ሠራተኛ ያለውንም ይይዛል። በ2022 በወጣ ማሻሻያ ደግሞ በሰው ቤት ልጅ የሚጠብቁና ቤት የሚያጸዱ ሠራተኞችም ገብተውበታል። ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ፆታና የትውልድ አገር አሉበት። ሌላ ቦታ የማታገኛቸውም አሉ፤ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ የሰው መልክና አለባበስ፣ የፖለቲካ አባልነት። ዕድሜም በፌዴራሉ ከ40 ዓመት ጀምሮ ነው የሚጠበቀው፤ በዲሲ ከ18 ጀምሮ ነው።

ወደ አክሰንትሽ ልምጣ። አነጋገር ከትውልድ አገር ጋር የተያያዘ ነገር ነው፤ ሕጉም የሚያየው እንደዚያ ነው። አሠሪ በአክሰንት ምክንያት ሰውን ሊከለክል የሚችለው አነጋገሩ ያንን ሥራ በእርግጥ ሲያደናቅፍ ብቻ ነው። «እንግዶች አይወዱትም» ወይም «ለጆሮ ይከብዳል» አይበቃም። እንግዳ የማይወደው ነገር ሁሉ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሰው ከሥራ በወጣ።

እስቲ የሃውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ሥራ ምንድን ነው? ጠዋት ሺቱን፣ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚያጸዳ የሚያሳየውን ወረቀት፣ ታከፋፍያለሽ። የጸዳውን ክፍል ትፈትሻለሽ፤ አልጋውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ የፎጣውን ቁጥር። ክፍሉ ሲያልቅ በሬዲዮ ለፍሮንት ዴስክ፣ ለእንግዳ መቀበያው፣ «ዝግጁ ነው» ትያለሽ። የተበላሸ ነገር ካለ ለጥገና ትጠሪያለሽ። አልፎ አልፎ እንግዳ ኮሪደር ላይ ያስቆምሻል። ይህን ሁሉ ደግሞ ሁለት ወር ሠርተሽዋል። ጉዳይሽ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ «የምትለውን አልሰማንም» ብሎ የጻፈ እንግዳ አለ? ፍሮንት ዴስኩ ሬዲዮ ላይ አልገባንም ብሎ ያውቃል? ክፍል ተሳስቶ ተከፍቷል? ከሌለ ማናጀሩ «አክሰንት» ያለው ነገር ምን ላይ እንደቆመ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። የቦታውን ማስታወቂያ ካገኘሽ ደግሞ ያዢው። ስለ እንግሊዝኛ ምን ይላል? ምንም ካላለ፣ መመዘኛው አንቺ ካመለከትሽ በኋላ ነው የመጣው ማለት ነው።

አንድ ነገር በሐቀኝነት ልንገርሽ። ቅላፄና የቋንቋ ችሎታ በሕግ ፊት ለየብቻ ነው የሚታዩት። ሥራው በየቀኑ የእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ የሚጠይቅ ከሆነና መጻፍ ካልቻልሽ፣ ሆቴሉ እሱን ይዞ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ በሸፈንሽበት ጊዜ የጻፍሽው የፈረቃ ማስታወሻ፣ የላክሽው ኢሜይል ካለ አስታውሺ። ሆቴሉ ጋ መኖሩን መጠቆም ብቻ ይበቃል።

እኔን ከእድገቱም በላይ ያንገበገበኝ የምሳው ነገር ነው። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ ቀና ሲል ውሎ፣ የቤቱን ምግብ ከፍቶ፣ ከእህቶቹ ጋር «ዛሬ ወገቤን» ብሎ እንኳ እንዳያወራ መከልከል ምን የሚሉት ነው? የኢኢኦሲ መመሪያ ከ1980 ጀምሮ የሚለው ግልጽ ነው። ሁልጊዜ፣ ዕረፍት ላይም ጭምር፣ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ የሚል ደንብ አድልዎ ነው ተብሎ ይገመታል። በተወሰነ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ እንግዳ ፊት ወይም አደጋ ሲኖር፣ ሥራው የግድ የሚጠይቀው ከሆነ ይፈቀዳል። ያኔም ደንቡ አስቀድሞ ለሠራተኛው ሊነገር ይገባል። ይህን መመሪያ ሁሉም ፍርድ ቤት እኩል አልተቀበለውም፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትደገፊ። የአንቺ ጉዳይ ግን ከዚያ የጠነከረ ነገር አለው። ስፓኒሽ ይፈቀዳል፤ አማርኛ ይከለከላል። ይህ «የእንግሊዝኛ ደንብ» መሆኑ ቀርቶ እናንተን ለይቶ የሚመታ ነገር ሆኗል። ማን፣ መቼ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ስፓኒሽ ሲያወራ ማንም እንዳልተናገረው ጻፊ። እነዚያን ልጆች ለማስከልከል እንዳልሆነ ግን ንገሪያቸው፤ ምስክር ሊሆኑሽ ይችላሉ።

«የራሳችሁ ሰው ናት» የሚለው መከላከያ አይሆንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 በአንድ የፆታ ጉዳይ ላይ፣ ሰው የራሱን ወገን አይበድልም ብሎ መገመት እንደማይቻል ወስኗል። ሐሳቡ ለዘርም ለትውልድ አገርም ይሠራል። የምትቆጣችሁ ልጅ ከላይ የታዘዘችውን እያስፈጸመች ሊሆን ይችላል። እሷም ፈርታ ይሆናል። ተጠያቂው ሆቴሉ ነው፤ እሷን ጠላት አድርገሽ አትነሺ።

ይህን ካነሳሁ ዘንድ፣ ለሌሎች አንባቢዎችም የምለው አለኝ። አድልዎ የፈረንጅ ማናጀር ብቻ አይደለም የሚሠራው። በእኛ ቤቶች ውስጥም አለ። «ቆንጆ፣ ወጣት ሴት አስተናጋጅ እንፈልጋለን» የሚለውን ማስታወቂያ የማያውቅ የለም። በዲሲ ሕግ ያ አንድ መስመር ሦስት ነገር ይጥሳል፤ መልክ፣ ዕድሜ፣ ፆታ። ሥራ ልትጠይቅ የመጣችን ልጅ «የየት አገር ልጅ ነሽ? አባትሽ ማነው?» ብሎ ብሔሯን ማጣራትም አለ። ከአንድ አገር መጥተን ብንሆንም በብሔር ለይቶ መቅጠርና ማባረር በትውልድ አገርና በዘር ስም የተከለከለ ነው። ሬስቶራንቱ አምስት ሠራተኛ ብቻ ቢኖረውም በዲሲ ሕጉ ይይዘዋል። አገር ቤት የጎዳንን ነገር ተሸክመን መጥተን እዚህ ልጆቻችን ላይ መድገም የለብንም። ይህን የምለው ባለ ሬስቶራንቶቹን ስለማከብራቸው ነው፤ ብዙዎቻችንን ገና ስንመጣ የቀጠሩን እነሱ ናቸው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ደብተር ግዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ። ማናጀሩ የተናገረውን በአማርኛ አታጠቃልዪው፤ በእንግሊዝኛ ራሱ ያላትን ቃል በምታስታውሺው መጠን ጻፊ። በግዕዝ ፊደልም ቢሆን ጻፊው። ደብተሩ ሎከር ውስጥ አይደር፣ ቤት ይደር። ሺቱን ፎቶ አታንሺ፤ የእንግዳ ስም ካለበት እሱኑ ይዘው ሊያባርሩሽ ይችላሉ። ቁጥሩን ብቻ ገልብጪ።

ስለ መቅዳት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዲሲ ውስጥ አንቺ ራስሽ ያለሽበትን ንግግር ሌላው ሳያውቅ መቅዳት በሕግ አይከለከልም። ሜሪላንድ ግን ሁሉም ካልተስማማ ወንጀል ነው። ማናጀሩ ማታ ቤትሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለሽ ቢደውልልሽ አትቅጂ። ዲሲ ውስጥም ቢሆን የሆቴሉ ደንብ የሚከለክል ከሆነ ሰበብ እንዳትሰጪያቸው ጠበቃ ሳታማክሪ አትጀምሪው። ደብተሩ ይበቃሻል።

ከዚያ ለኤችአር በጽሑፍ አሳውቂ። አጭር ይሁን። እድገቱን የተከለከልኩት በአነጋገሬና በትውልድ አገሬ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አማርኛ በዕረፍት ሰዓት ተከልክሏል፣ ሌላ ቋንቋ ግን ይፈቀዳል፤ ይህ አድልዎ ስለሆነ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። ይኸው ነው። ቅጂውን ለራስሽ የግል ኢሜይል ላኪ። በቃል ብቻ ከሆነ «እንዲህ አላለችንም» ይባላል። በጽሑፍ ካለ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚደርስብሽ ነገር ሌላ ስም አለው፤ ብቀላ። ብቀላ በራሱ ሕገወጥ ነው። ዋናው አቤቱታሽ ባይሳካ እንኳ ብቀላው ብቻውን ሊያሸንፍልሽ ይችላል።

ባለቤትሽ የሚፈራውም ይህንኑ ነው፤ ፍርሃቱን አላጣጥልም። የቤት ኪራይና የልጅ ነገር ያለበት ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሕግ ይከለክላል ማለት ማንም አያደርገውም ማለት አይደለም። በእናንተ ሥራ ብቀላ ብዙ ጊዜ በስንብት አይጀምርም። ሺት ላይ ነው የሚታየው። ትናንት እንግዳው ገና ያልለቀቀው ክፍል ይበዛልሽ የነበረው፣ ነገ ሁሉም ቼክአውት፣ እንግዳው ለቆት ከባዶ የሚጸዳ ክፍል፣ ይሆናል። ፎቅሽ ይቀየራል፣ ሰዓትሽ ይቀነሳል፣ እሑድሽ ይወሰዳል። ስለዚህ ለኤችአር ከመጻፍሽ በፊት ላሉት ሳምንታት የክፍል ቁጥርሽን፣ ስንቱ ቼክአውት እንደነበር፣ ሰዓትሽን ከአሁኑ መዝግቢ። ፔይ ስታብሽን፣ የደመወዝ ደረሰኝሽን፣ ሰብስቢ። በፊትና በኋላ የሚታየው ልዩነት ይናገርልሻል። ሥራሽን ግን አትልቀቂ። አቤቱታ ለማስገባት መልቀቅ አያስፈልግም፤ ራስሽ ከለቀቅሽ የቀረብሽን ደመወዝ መጠየቁ ይከብዳል። «ይህን ፈርሚና ገንዘብ እንስጥሽ» ቢሉሽም ሳታስነብቢ አትፈርሚ።

ለዲሲው ቢሮ የሚገባው አቤቱታ ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ቅጽ ትሞያለሽ፣ ሠራተኛቸው ያነጋግርሻል፣ ሕጉ የሚሸፍነው ከሆነ ይመዘገባል። «ለኢኢኦሲም አብሮ ይመዝገብልኝ» በያቸው፤ ሁለቱ ቢሮዎች በስምምነት አብረው ይሠራሉ። ቀጥሎ የግድ ሽምግልና አለ። እኔ ይህን ደረጃ በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው። ምን እንደምትፈልጊ አስበሽ ግቢ፤ የሱፐርቫይዘር ቦታ? ከኤፕሪል ጀምሮ ያለው የደመወዝ ልዩነት? የቋንቋው ክልከላ በጽሑፍ እንዲነሳ? ሦስቱንም መጠየቅ ትችያለሽ። ካልተስማማችሁ ምርመራ ይካሄዳል፤ እሱ ግን ረጅም ነው፣ ታገሺ። ፍርድ ቤት መሄድም ትችያለሽ። በፌዴራሉ ሕግ የሞራል ካሣና መቀጫው ጣሪያ አለው፤ እንደ ድርጅቱ ትልቅነት ከ50,000 እስከ 300,000 ዶላር። በዲሲው ያ ጣሪያ የለም። ወደ ፍርድ ቤት ከማምራትሽ በፊት ግን ጠበቃ አማክሪ፤ ይህ ዓምድ የጠበቃ ቦታ አይሸፍንም። ዋሽንግተን ሎየርስ ኮሚቲ የተባለው ድርጅት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሠራተኞች የምክር ክሊኒክ አለው።

አብረውሽ የሚሠሩት «ወረቀት የለኝም» ብለው የሚሸሹ ካሉ፣ የአድልዎ ሕጉ ወረቀት ላለው ብቻ አይደለም። ቢሆንም እነሱ ከመፈረማቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። አንቺም አትገፋፊያቸው።

ስምሽ ይወጣል ወይ ላልሽው፣ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፣ ለሆቴሉ ግን ይነገራል። መልስ መስጠት ስላለበት ማን እንደከሰሰው ማወቁ አይቀርም። በስውር የሚሆን ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ከላይ ያለውን ሁሉ አስቀድመሽ አዘጋጂ የምለው።

ልጅሽን ይዘሽ አትሂጂ። የዲሲ መንግሥት ቢሮዎች ከ2004 ጀምሮ በቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ይገደዳሉ፤ አማርኛ በከተማዋ ሕጉ ከሚሠራባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስትደውዪ ገና ስልኩን ሲያነሱ «አማርኛ» በይ፣ አስተርጓሚ እስኪገባ ጠብቂ። «ሰው ይዘሽ ነይ» ቢሉሽ እሱ ራሱ አቤቱታ ሊቀርብበት የሚችል ነገር ነው። የ14 ዓመት ልጅ እናቷ ሥራ ቦታ ላይ የደረሰባትን ቃል በቃል እንድትተረጉም አይደረግም፤ አንቺም እሷ ፊት የማትናገሪው ነገር ይኖራል። በዚህ ሳምንት ዕረፍትሽ መቼ እንደሆነ እዪና በዚያ ቀን ጠዋት ደውዪ።